ፎቶ አለህ? ልክ አለህ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ጅማ አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ የመቅደላን ቅርስ ለማስመለስ እንግሊዝን መክሰስ አይቻልም?» አለችኝ። ከባድ ነው። ዘረፋው የተፈጸመው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ቅርስ ሕገ ወጥ ዝውውር የወጣው እ.ኤ.አ. የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። የብሪቲሽ ሙዚየምንም እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የአገሩ ሕግ እጁን አስሮታል። ታቦቶቻችንን ማንም እንዳያያቸው ዘግቶ ያስቀምጣል እንጂ አይመልስም። ቀሪውን አስተማሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል።

እኔን ጥያቄዋ ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የጅሬን እናት ቢሮዬ መጡ። በጣልያን ጊዜ አንድ መኮንን ከአባታቸው ቤት ወንበር ወስዷል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መደገፊያ ያለው። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለውን የማያውቅ የለም። የሳቸው ግን መለያ ነበረው። አንዱ እግሩ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ የመቀመጫውን ጠርዝ ፍም ወድቆበት አጥቁሮታል። ቁመቱን ከጉልበታቸው አስጠግተው በእጃቸው አሳዩኝ። ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር አሉ።

ደስ አለኝ፤ እዚህ ላይ ሕጉ ከእኛ ጋር ነዋ! ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል፣ አንቀጽ 37፣ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ታሪካዊ ዕቃዎችን በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታለች። የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የዜጎችንም ጭምር።

ማመልከቻውን የወሰድኩበት መሥሪያ ቤት «ፎቶ አለህ? ልክ አለህ? አሁን ማን ጋ ነው?» አለኝ። አንዱም አልነበረንም። ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ አይደል እንዴ የወሰደው? ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እሳቸው አርፈዋል፤ እኔን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕግ ካለ ሁሉ አለ አልላችሁም። የአክሱም ሐውልት ውል ተፈርሞለት እንኳ ሮም ላይ ቆሞ ኖሮ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ደግሞ ያለ ምንም አስገዳጅ ውል በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመልሷል። ቢሆንም ዕቃው የማን እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ክርክሩ ከበር አያልፍም።

የዛሬ ልጆች «ቅርሳችን ይመለስ» ብላችሁ ቲክቶክ ላይ ስትጮኹ ደስ ይለኛል። የምትጠጡትን ማኪያቶ ሳይቀር ፎቶ ታነሳላችሁ። የአያቱን ወንበር ያነሳ ግን አላየሁም። ስታነሱ ሜትር አጠገቡ ዘርጉ። ስንጥቁንና ጥገናውን ለብቻው አንሱ። ከማን ለማን እንደተላለፈ አያታችሁን ጠይቃችሁ ከነቀኑ ጻፉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብ ያዛል፤ መዝጋቢ በራችሁን እስኪያንኳኳ ግን አትጠብቁ። አንዱን ቅጂ ቅርስ ለሚመዘግበው የአካባቢያችሁ መሥሪያ ቤት ስጡና በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ማኅተም አስደርጉ። እሱን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡት።