ሸረሪት ቆጥሬ እንጀራ እበላለሁ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ነፍሳትና ሸረሪት እወዳለሁ። የሣር ሜዳ ዕፅዋት ዓይነት ሲበዛ ነፍሳቱ ምን እንደሚሆኑ ለማጥናት አስቤያለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ሸረሪት ቆጥረሽ ምን ልትበዪ ነው? አካውንቲንግ ተማሪ» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰቦችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። «የሸረሪት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ የትም ተለጥፎ አታገኚም። የተባይ ባለሙያ የሚፈልግ ግን አለ። ጉዳዩ ደግሞ አንድ ነው፤ ሸረሪት ተባይ አዳኝ ናትና።

አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሲዳር ክሪክ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ፣ ጀርመን የና ከተማ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሜዳውን በመደብ ከፋፍለው ዘሩ። አንዱ መደብ 1 ዓይነት ተክል ብቻ አለው፣ ሌላው 16፣ የና ላይ እስከ 60 ይደርሳል። ተክሉ ሲበዛ የነፍሳቱም ዓይነት በዛ። ብዙ ቅጠል በል ነፍሳት ምግብ ይመርጣሉ፤ ማጌት የለመደው ሰርዶ ብቻ ባለበት ሜዳ ምን ይሠራል? ረጅምና አጭር ተክል ሲደባለቅ ሸረሪቷም ድሯን የምትወጥርበት አታጣም። አንድ ዓይነት ብቻ ከተዘራ ግን ያንን ተክል ለሚወድ ተባይ ድግስ ተደገሰለት ማለት ነው።

ሁለቱ ቦታዎች በሁሉም ነገር አይስማሙም። ሲዳር ክሪክ ላይ ተክል በበዛበት መደብ አዳኞቹ ከቅጠል በሎቹ አንጻር በዝተው ተገኙ። የና ላይ ግን የዕፅዋቱ ተጽዕኖ ቅጠል በሎቹ ላይ ጠንክሮ፣ አዳኞቹ ላይ ደከም ብሎ ታየ። ሁለቱም በረዶ የሚጥልባቸው አገሮች ናቸው። ከብት የሚግጠው፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት የጣና ዳር ሜዳስ? ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። ደግሞ እዚህ ሁሉም እንቦጭ ላይ ተረባርቧል፤ አንቺ ወረፋ አትጠብቂም።

ወጪው ቀላል ነው። ነፍሳቱ እንዲወድቁበት አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የሚቀበር የፕላስቲክ ኩባያ፣ የነፍሳት መረብ፣ ማቆያ አልኮል። የታጠረና የሚጋጥ ሜዳ አወዳድሪ። የሚከብደው የያዝሽውን በየወገኑ መለየትና ስታትስቲክሱ ነው። ነጻውን «አር» የተባለ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ዘንድሮውኑ ጀምሪ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራ የሚያስገኝልሽ እሱ ነው እንጂ ፍቅርሽ አይደለም። ሲቪሽ ላይም «ሸረሪት እወዳለሁ» አትበዪ፤ «የተባይና የተፈጥሮ ጠላቶቹን ናሙና ሰብስቤ እተነትናለሁ» በዪ።

በባዮሎጂ ዲግሪ ብቻ ብዙ የግብርና የሥራ መደቦች ላይቀበሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ ማስተርስሽን በዕፅዋት ጥበቃ፣ ማለትም ሰብልን ከተባይና ከበሽታ በመከላከል ትምህርት ያዢ። የአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ አዴት የምርምር ማዕከል አለ፣ ወረታ ደግሞ የሩዝ ምርምር። ተለማማጅ አድርጉኝ ብለሽ ማመልከቻ ይዘሽ ሂጂ፣ ክፍያ ባይኖረውም።

ናሙናው ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ ሳይታጨድ መሰብሰብ አለበት። ርዕስሽን ከክረምቱ በፊት ለአማካሪሽ አሳዪ።