ሁለት መድኃኒት ተጀምሮ ነጭ የደም ሴል ለምን ያሻቅባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ ኤፒኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶበት አትራ (ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ መድኃኒት) እና አርሴኒክ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ባንድ ላይ ተጀመሩለት። የካንሰሩ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖችን እንደሚለቁ አንብቤያለሁ። መድኃኒቱ ሁለት ሲሆን መልእክቱ በእጥፍ ይቀንሳል ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ትኩሳት ያዘው፣ ክብደቱ ጨመረ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ነጭ የደም ሴሉም አሻቀበ። ዴክሳሜታዞን የሚባል የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ሰጡትና አሁን ተሽሎታል። መድኃኒቶቹ ካንሰሩን እያባባሱት ነው እንዴ?
ግራ የገባት እህት

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። ጀማሪ ሐኪምም እዚህ ጋ ይደነግጣል። ከጻፍሽልኝ ስነሳ ግን ካንሰሩ የባሰበት አይመስለኝም። ዲፈረንሲዬሽን ሲንድሮም የምንለው፣ የካንሰሩ ሴሎች በመድኃኒቱ መብሰል ሲጀምሩ የሚመጣ ችግር ነው የሚመስለው።

በኤፒኤል ሁለት ጂኖች ያለቦታቸው ይገጣጠሙና አንድ የተዛባ ፕሮቲን ያሠራሉ። በሱ የተነሳ ነጭ የደም ሴል ሳይበስል ይቀራል፣ እንዲሁ እንዳለም ይባዛል። አትራ የዚህን ፕሮቲን አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ አርሴኒክ ሌላውን። ፕሮቲኑ ይፈርስና ሴሉ መብሰል ይጀምራል። የነጭ ደም ሴል ቁጥር በዚህ ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

ችግሩ፣ እየበሰለ ያለ ሴል አፉን አይዘጋም። ኬሞካይን የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ሥራቸው ሌሎች ሴሎችን “ወዲህ ኑ” ብሎ መጥራት ነው። ሳንባም በበኩሉ ይጠራቸዋል። ሴሎቹ ተጠራርተው ሳንባ ውስጥ ይከማቻሉ፣ የደም ሥሮችም ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ወንድምሽ ክብደት የጨመረው ወፍሮ ሳይሆን ውኃ ይዞ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ይህንን በላብራቶሪ አሳይቷል። ኤንቢ4 የሚባሉት የኤፒኤል ሴሎች አትራ ሲሰጣቸው ብዙ ዓይነት ኬሞካይን ማምረት ጀመሩ። አርሴኒክም ብቻውን ሲሰጥ ሆነ ከአትራ ጋር ሲጣመር ኬሞካይን አስመረተ። ስለዚህ ሁለተኛው መድኃኒት ቢጨመርም ጥሪው አልቆመም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የዴክሳሜታዞን ነገር ነው። ሳንባ የሚያመነጨውን ኬሞካይን በደንብ ይቀንሳል፤ የካንሰሩ ሴሎች የሚለቁትን ግን አልገታውም። ሴሎቹ አንዴ ሳንባ ከገቡ ነገሩን መቆጣጠር ይከብዳል። ሐኪሞች ገና ሲጠረጥሩ፣ ማረጋገጫ ሳይጠብቁ፣ 10 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ በደም ሥር መስጠት የሚጀምሩት ወደው አይደለም።

“በእጥፍ ይቀንሳል” ስላልሽው ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። እንዲህ ያለ ጥናት ሲደረግ ሴሎቹ ከመድኃኒት ጋር ይቆያሉ፣ ከዚያ ያሉበት ፈሳሽ ተቀድቶ የለቀቁት ፕሮቲን በፒኮግራም ይለካል። ፒኮግራም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ነው። እኔ የውጤቱ ሰንጠረዥ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው የፕሮቲኑን ቁጥር አይደለም፤ ስንት ሴል በሕይወት እንደቀረ ነው። ጥምሩ ግማሹን ሴል ከገደለ ፕሮቲኑም መቀነሱ አይቀርም፤ የተረፉት ግን እንደ በፊቱ እየለቀቁ ሊሆን ይችላል። ይህ ቁጥር ሳይጻፍ “ጥምር መድኃኒቱ መልእክቱን ዝም አሰኘ” የሚል ጽሑፍ ካየሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላምነውም። በዚያ ላይ አንዱ ፕሮቲን ሲወርድ ሌላው ሊወጣ ይችላል፣ ሴሎቹም ከታማሚ ታማሚ ይለያያሉ።

ጥምሩን ግን አትጥዪው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ ሲጀመር የነጭ ደም ሴላቸው ብዙ ካልነበረ ታማሚዎች መካከል፣ አትራና አርሴኒክ ከወሰዱት 97 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት ነበሩ። አትራን ከኬሞቴራፒ ጋር ከወሰዱት ደግሞ 86 በመቶው።

አሁን ጠዋት ጠዋት በአንድ ሚዛን መዝኚውና ጻፊው። ክብደቱ ባንዴ ከጨመረ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ነገ አትበይ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው። መድኃኒት ማቆምም ሆነ ማስቀጠል የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።