ከመድፉ በፊት ካምቢዮውን እዩ

በዚህ ዓምድ ስለ ከባድ ተሽከርካሪዎች ለምትልኩልን ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰላሳ ዓመት ሙሉ ዶዘርና ኤክስካቫተር ስር ተኝቶ የኖረ መካኒክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለፈው እንግሊዝ አገር ቦቪንግተን የሚባለውን የታንክ ሙዚየም እንደጎበኙ ጽፈው ነበር። ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ተሽከርካሪ ዓይኔን ያዘው። ያግድቲገር ይባላል። እንደ ሌላ ታንክ የሚዞር ራስ የለውም። የብረት ቤት ሠርተው ግድግዳውን በመድፍ የበሱት ነው የሚመስለው። በዓለም ላይ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው አሉ። ጓደኛዬ “በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሱ የሚበልጥ አልነበረም፤ ጀርመኖች ቀደም ብለው ቢሠሩት ኖሮ ያሸንፉ ነበር” እያለ ይከራከረኛል። እውነቱን ነው? ደግሞ በአንዱ ጎን ጎማ የጎደለው ይመስላል። ለምን አይሞሉለትም?
ብረት ወዳዱ

መልስ፦ ብረት ወዳዱ፣ ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። እሱን ላስቀድምለት፣ እንዳይከፋው።

ያግድቲገር “አዳኝ ነብር” እንደማለት ነው። ታንክ ለማደን የተሠራ ነው። ክብደቱ ከ70 ቶን ያልፋል። በዚያ ጦርነት ውጊያ ውስጥ ከገቡት ብረት ለበሶች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። መድፉ የተተከለበት የፊት ግድግዳ 250 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ስንዝርህን ዘርጋና ለካው፣ ያልፍሃል። መድፉ 128 ሚሊ ሜትር ሲሆን በርሜሉ ብቻውን 7 ሜትር ይሆናል። ጥይቱ ከክብደቱ የተነሳ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚጎርሰው። መጀመሪያ 28 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው አረር ይገባል፤ ቀጥሎ ባሩዱን የያዘው ቀለህ። ለዚህ ሥራ ብቻ ሁለት አጉራሾች ነበሩት። ከነሹፌሩ ስድስት ሰው ይጭናል።

እዚህ ድረስ ጓደኛህ ያሸንፋል።

አሁን ወደ እኔ ቤት እንምጣ። ቦቪንግተን የሄድኩት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነበር። እሱ እንደደረሰ መድፉ ስር ቆሞ ፎቶ ተነሳ። እኔ ደግሞ ቁጢጥ ብዬ ሆዱን ማየት ጀመርኩ። የልማድ ነገር ነው። አንድ ማሽን ምን ያህል እንደሚያስቸግር ማወቅ ከፈለግህ ከላይ አትየው፣ ከስር እየው።

ሞተሩ ከኋላ ነው። ካምቢዮው ከፊት። ሞተሩ ማይባኽ ይባላል፤ 12 ሲሊንደር፣ 23 ሊትር፣ 700 የፈረስ ጉልበት። መጥፎ ሞተር አልነበረም። ችግሩ ያው ሞተር 45 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክም ይጎትት ነበር። ሒሳቡን ሥራው። ፓንተር ላይ ለአንድ ቶን 15 የፈረስ ጉልበት ይደርሰዋል። ያግድቲገር ላይ 10 እንኳን አይሞላም። ብረቱ ሲጨምር ሞተሩ አልጨመረም።

አንድ ጊዜ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ ስሙ ይቅር። ዶዘሩ ቶሎ አልገፋ ሲለው ምላጩን በወፍራም ብረት አስረዝሞ አስበየደው። “በአንድ ምልልስ የሁለቱን ይሠራል” አለ። እውነትም ለጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ ፋይናል ድራይቩ፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው የመጨረሻው ማርሽ፣ ሄደ። እሱን ስናወርድ ቀንም ሌሊትም አልቀረን። ያግድቲገር ስር ቁጢጥ ብዬ ትዝ ያለኝ ያ ዶዘር ነው። የኛ አለቃ ቢያንስ አንድ ዶዘር ላይ ነው ያበላሸው።

ይባስ ብሎ መድፉ ራሱን ችሎ አይዞርም። ወደ ግራ 10 ዲግሪ፣ ወደ ቀኝ 10 ዲግሪ፣ አለቀ። ጠላት ከዚያ ወጣ ብሎ ከታየ ሹፌሩ 70 ቶኑን ሙሉ ማዞር አለበት። ሰንሰለት ጎማ ነድተህ የምታውቅ ከሆነ ይገባሃል። ቀጥታ መሄድ ማሽኑን አይጎዳውም፤ በቆመበት ማዞር ነው የሚገድለው። ካምቢዮውም፣ ፍሬኑም፣ ፋይናል ድራይቩም አንድ ላይ ነው የሚያቃስቱት። ሌላ ታንክ ራሱን ብቻ አዙሮ የሚጨርሰውን እሱ በወገቡ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ብረት በደንብ የሚነግረን ኦቶ ካሪዩስ የሚባል ጀርመናዊ መኮንን ነው። በ1945 የያግድቲገር ሻምበል አዛዥ ሆኖ ሩር በሚባለው አካባቢ ተዋግቷል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ፋርማሲስት ሆነ። የመድኃኒት ቤቱንም ስም “ቲገር ፋርማሲ” አለው። ሰው ካለፈበት ነገር መውጣት እንዴት ይከብደዋል ጃል! ታዲያ እኚህ ሰውዬ ያግድቲገርን አላሞገሱትም። ከመንገድ ወጣ ብሎ ጥቂት ከሄደ መድፉ ከልኩ ይዛነፋል። እንዳይዛነፍ በጉዞ ጊዜ ፊቱ ላይ ባለ የብረት ማሰሪያ ይቆለፋል። ጠላት ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው ወጥቶ ማሰሪያውን መፍታት አለበት። አስበው እስቲ፣ እየተተኮሰብህ።

ሌላም ይተርካል። አንዱ ያግድቲገር ማፈግፈግ ሲገባው ፊቱን አዞረ። የጎን ብረቱ 80 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎኑን ሲያሳይ ተመታ። 250 ሚሊ ሜትሩ ፊት ለፊት ላይ ቀረ።

ነዳጁንም እንይ። 860 ሊትር ቤንዚን ይይዛል። በጥሩ መንገድ በዚያ የሚሄደው ከ120 እስከ 170 ኪሎ ሜትር ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 7 ሊትር መሆኑ ነው። ጀርመን በ1945 ይህን ቤንዚን ከየት ታምጣው? ብዙዎቹ ያግድቲገሮች የጠላት ጥይት አይደለም የጨረሳቸው። ተበላሽተው ወይም ነዳጅ ጨርሰው ሲቆሙ የራሳቸው ሰዎች ናቸው በፈንጂ ያጋዩአቸው። የሚጎትታቸውም አልነበረም። 70 ቶን በምን ትጎትታለህ?

ስለዚህ “ቀደም ብለው ቢሠሩት” ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የእንጨት ሞዴሉ ለሂትለር የታየው በኦክቶበር 1943 ነው። የታዘዘው 150 ነበር። ተሠርቶ የወጣው ግን 80 አካባቢ ነው። ቀድመው ቢሠሩትም ያው ካምቢዮ፣ ያው ሞተር፣ ያው ቤንዚን ነው።

አሁን ወደ ጎማው። እኛ ዶዘር ላይ ሮለር የምንለው ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚንከባለለው። ጥሩ አይተሃል። የቦቪንግተኑ በአንዱ ጎን አንድ የሮለር ክፍል ጎድሎታል። እኔ ግን እንዳይሞሉት ነው የምጸልየው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ያግድቲገር በሁለት ዓይነት እግር ነው የተሠራው። አንደኛው ሄንሼል የሚባለው ኩባንያ ነው። በያንዳንዱ ጎን 9 ሮለር አለው። ሞላው ከወለሉ በታች ከጎን ወደ ጎን የሚሻገር፣ ሲጫን የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው። ሁለተኛው የፌርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ አዎ፣ የመኪናው ፖርሽ። እሱ ሮለሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረና ሞላውን ከውጭ በኩል በርዝመቱ አስቀመጠው። በየጎኑ 8 ሆኑ። ቀፎውን፣ ማለትም የታንኩን የብረት አካል፣ መብሳት ስለሚቀንስ ፋብሪካ ላይ ሥራ ያቀላል። አንዱ ቢሰበር ከውጭ ፈትቶ መለወጥ ነው። መካኒክ ለሆነ ሰው በወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። ሲነዱት ግን በሰዓት 14 እና 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ክፉኛ መንቀጥቀጥ አመጣ። ስለዚህ ወደ ሄንሼሉ ተመለሱ። የፖርሽ እግር ያላቸው ወደ 10 ያህል ብቻ ተሠሩ።

የቦቪንግተኑ ከነዚያ አንዱ ነው። የቀፎ ቁጥሩ 305004 ነው፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ305001 ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነው። ጦር ሜዳ አልነበረም። ለሙከራ ነበር የሚያገለግለው። እንግሊዞች በ1945 ያገኙትም ፓደርቦርን አጠገብ ካለው የሙከራ ሥፍራ ነው። እና ያ ክፍተት ባይኖር እኔ የፖርሽ እግር ቀፎው ላይ የት እንደሚታሰር እንዴት አያለሁ? ሙሉ ቢሆን ሮለሮቹ ይሸፍኑት ነበር። አዲስ ቀጥቅጠው ቢገጥሙለት ለፎቶ ያምራል። ለኔ ግን በር እንደመዝጋት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጎኑ ላይ የተሸነሸነ ጭቃ የመሰለ ልባስ ታያለህ። ሲመሪት ይባላል። ማግኔት ያለው ፈንጂ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነው፤ ውስጡ የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይቀር አለበት። የሚገርመው እንዲህ ያለውን ፈንጂ በብዛት የሚጠቀሙት ራሳቸው ጀርመኖች ነበሩ። ሌላውም እንደኛ ያደርጋል ብለው ሰግተው ነው። በሴፕቴምበር 1944 መቀባቱን ተዉት። ስለዚህ ልባሱን ስታይ ቀደም ብሎ የተሠራ መሆኑን ወዲያው ታውቃለህ።

ሁለቱ ወንድሞቹ አንዱ አሜሪካ ነው፤ ቀድሞ ሜሪላንድ፣ አበርዲን ነበር፣ አሁን ጆርጂያ ነው ያለው። ሌላው ሞስኮ አጠገብ፣ ኩቢንካ። ሁለቱም ባለ 9 ሮለር ናቸው። ጓደኛህን ፎቶ እያሳየህ “የቱ ነው የቦቪንግተኑ?” ብለህ ጠይቀው። ካልቆጠረ ክርክሩን አሸንፈሃል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የናዚ ታንኮችን ፎቶ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። መስቀሉ ሁሉ ይታያል። ላስነሳው ወይስ ልተወው? እርስዎስ ሲያደንቁ ቅር አይልዎትም?
የልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ይለኛል። አልዋሽሽም።

ብየዳውን ሳይ “ማን ነው የበየደው?” ብዬ መጠየቅ ሥራዬ ነው። ያግድቲገር የተገጣጠመው ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሳንክት ቫለንቲን ከተማ፣ ኒቤሉንገን በሚባል ፋብሪካ ነው። ከ1944 ጀምሮ እዚያ የማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፍ ተከፍቶ ነበር። እስረኞቹ ፋብሪካው ውስጥ በግድ ይሠሩ ነበር። እኔ ሥራ ሲበዛብኝ አማርሬ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። እነሱ የሚገቡበት ቤት አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ደግሞ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ፋብሪካውን መቱት። ቦምብ ደግሞ እስረኛና አሳሪ አይለይም።

ሙዚየሙ ውስጥ ባልደረባዬ “ምነው ዝም አልክ?” ብሎኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ብረቱ ጥሩ ነው ማለትና የሠራው ሥርዓት ጥሩ ነው ማለት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ፊቱ ቆመሽ ስታዪው ሁለቱን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

ፎቶውን አትንቀይበት። ብትነቅዪው ሌላ ይለጥፋል፣ አሁን ደግሞ ተደብቆ። ይልቅ አብረሽው ተቀመጪና ሳንክት ቫለንቲን የት እንዳለ ካርታ ላይ ፈልጉ። ማውትሃውዘንንም ፈልጉ። ሩቅ አይደሉም፤ ዳኑብ ወንዝ ነው በመካከላቸው። የ14 ዓመት ልጅ የታንክ ውፍረት በሚሊ ሜትር ማስታወስ ከቻለ ይህንንም ያስታውሳል።

ጥያቄ፦ ሙዚየሙ ውስጥ ታንኮቹ ላይ መውጣት ይፈቀዳል? ያግድቲገር ውስጥስ ገብተው አይተዋል?
ከተማ አስጎብኚ

መልስ፦ ያግድቲገር ውስጥ አልገባሁም። እኔም እንደማንኛውም ጎብኚ ከውጭ ነው ያየሁት። ቦቪንግተን ከ1916 ጀምሮ የእንግሊዝ ታንከኞች ማሠልጠኛ ነው። ሙዚየሙም በ1947 ለሕዝብ ተከፈተ። 300 ገደማ ተሽከርካሪ አለው። ይህ ሁሉ ጎብኚ ሁሉም ላይ ይውጣ ቢባል ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ውስጡን ማየት ለሚፈልግ ግን ሙዚየሙ በዩቲዩብ ብዙ ቪዲዮ ይለቃል፤ ዓይናችሁን ሻይ ቡና በሉት። ሞተሩ ሲጮህ መስማት የሚፈልግ ደግሞ ቲገር 131 የሚባለው ታንክ የሚነዳበትን ቀን ይጠብቅ። እሱ ቱኒዝያ ውስጥ በ1943 የተማረከ ነው፤ ከመጀመሪያው የቲገር ዓይነት፣ ከ“ቲገር 1”፣ በዓለም ላይ በሞተሩ የሚንቀሳቀሰው ብቸኛው እሱ ነው። ያግድቲገር ግን አይነሳም፤ ቆሞ ነው የሚታየው።

ከሄዳችሁ አንድ ምክር አለኝ። ሰው ሁሉ ከፊት ነው የሚከማቸው። እናንተ ዞራችሁ ከኋላ ሂዱ። የመድፉ ቤት ጀርባ ላይ ሁለት ተካፋች ያለው ትልቅ የብረት በር አለ። ጥይት የሚጫነውም፣ መድፉ ለጥገና የሚወጣውም በሱ ነው። ፊቱን 250 ሚሊ ሜትር ያደረገው ሰው መካኒኩንም አስቦ በር አበጅቶለታል። ባልደረባዬ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ያገኘኝ እዚያው በሩ ጋ፣ ማጠፊያውን እያየሁ ነው።