ወስፋቱ ወጣ፣ ኮሶው ቀረ

ከቡሬ አካባቢ የጻፉልኝ እህት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለፍልሰታ ፍቺ ያረዷት ዶሮ አንጀቷ ሲከፈት ከጣት የሚረዝም ነጭ ትል ሞልቶበት አገኙ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ፓይፐራዚን ገዝተው በባልዲ ውኃ በጥብጠው ለቀሩት 20 ዶሮዎች ሰጡ። በማግስቱ ትሉ ከኩስ ጋር ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ጠዋት ጠዋት ኩሱ ላይ ሰሊጥ የመሰለ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ዶሮዎቹ ይበላሉ፣ ሥጋ ግን አይዙም፤ እንቁላሉም ቀንሷል። «መድኃኒቱ የተበላሸ ይሆን? ኮሶ ወይም እንቆቆ ብሰጣቸውስ? ያችን ዶሮ በልተናታል፣ ይጎዳን ይሆን?» ይላሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። ይህ የዶሮ ትል ወደ ሰው አይተላለፍም። አንጀቱን ጥለው ሥጋውን እንደ ወጉ አጥበው በደንብ ከሠሩት ምንም አይሆኑም። እንዲያውም አልፎ አልፎ ወስፋቱ ከአንጀት ይወጣና በእንቁላል መውጫው ሽቅብ ገብቶ ቅርፊት ውስጥ ታሽጎ ይገኛል። እሱም ቢሆን ሰው አይጎዳም፤ ሰብሮ ያገኘው ሰው ግን ከዚያ በኋላ እንቁላል ጥብስ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል።

መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ዶሮዎችዎ የያዛቸው ሁለት ዓይነት ትል ነው። መጀመሪያ ያዩት ረጅሙ ወስፋት ነው። ፓይፐራዚን የደረሰውን ወስፋት ያደነዝዘውና ዶሮዋ ከኩስ ጋር ትገፋዋለች፤ አንጀት ግድግዳ ላይ የተሸሸገውን ገና ያላደገውን ግን እምብዛም አይነካም። ሰሊጥ የመሰለው ደግሞ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ኮሶን ፓይፐራዚን ከነጭራሹ አያውቀውም።

ኮሶ በኮሶ ይወጣል ብለው ማሰብዎ አይገርምም፤ እኛም ያደግነው እየተጎነጨን ነው። ግን ኮሶም እንቆቆም ለሰው ሲሰጥ ልኩን የሚያውቀው የለመደ ሰው ነው፤ ሲበዛ ሰውንም ይጥላል። ለአንድ ኪሎ ተኩል ዶሮ ልኩ አልተሠራም። ይተዉት።

ሁለቱንም ትል የሚያስወጣው አልቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት ነው። በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ለበግና ለፍየል የተዘጋጀው ባለ 300 ሚሊ ግራም እንክብል ስለሆነ፣ ለዶሮ ከመስጠትዎ በፊት ስሌቱን ለወረዳዎ እንስሳት ጤና ባለሙያ አሳይተው ያስጸድቁ። ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊ ግራም ነው። ዶሮዎን በዓይን አይገምቱ። ቅርጫት ውስጥ አስገብተው በሚንጠለጠል ሚዛን ይመዝኗቸው፤ የአገራችን ዶሮ ኪሎ ተኩል ገደማ ስትሆን የውጭ ዝርያዋ ቦቫንስ ግን ሁለት ኪሎ ትደርሳለች።

አንዱን እንክብል በደንብ ፈጭተው በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ እየጨመሩ 20 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ ከዚህ 2 ሚሊ ሊትር ትወስዳለች። ስለዚህ አንድ እንክብል ለ10 ዶሮ፣ ለእርስዎ ሁለት ይበቃል። ዱቄቱ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ይዘቅጣል፤ በየዶሮው መሀል ጠርሙሱን ካልነቀነቁ የመጀመሪያዋ ውኃ ጠጥታ የመጨረሻዋ የአምስቷን ድርሻ ትውጣለች።

ሥራው የሚመቸው ማታ፣ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ዶሮዋን ብብትዎ ሥር ይያዙ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከምንቃሯ ጎን በኩል ቀስ እያሉ ጠብ ጠብ ያድርጉላት፣ እስክትውጥ ይጠብቁ። የአየር ቧንቧዋ አፍ እምላሷ ሥር ነው፤ በአንዴ ከገፉት መድኃኒቱ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

«20 ዶሮ አንድ በአንድ ከምይዝ በፉርሽካ ባሽላቸውስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚያ አድርጌ ነበር። ሁለቱ አውራዎች ገበታውን ይዘው ጠገቡ፣ ከሲታዎቹ ዳር ቆመው አዩ። ከወር በኋላ ከነዚያ አንዷ ሞታ ስከፍታት አንጀቷ በወስፋት ተወጥሮ ነበር። መድኃኒት የሚያስፈልጋት ዶሮ ከገበታ የምትገፋዋ ናት። የእርስዎ ባልዲም ሳይሆን አይቀርም እንዲሁ የሆነው፤ በነሐሴ ደጁ ሁሉ ኩሬ ነው፣ ዶሮ መድኃኒት የገባበትን ውኃ ለምን ትጠጣ?

ከ3 ሳምንት በኋላ በዚያው ልክ ይድገሙ፤ ያኔ ትንሾቹ አድገው ይገኛሉ። ከየመድኃኒቱ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቁላሉን አይብሉ፣ አይሽጡ፣ ለማስታቀፍም አያስቀምጡ። ማረድም እንዲሁ።

አሁን ወደ መሬቱ። ወስፋት እንቁላሉን በኩስ ይጥላል፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሁለት ሦስት ሳምንት ሌላ ዶሮ የሚይዝ ይሆናል። በረኪና ቢያፈሱበት አይሞትም፤ የሚፈራው ፀሐይና ድርቀት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ጉዝጓዙን ጠርገው ደረቅ ጭድ ይተኩ፤ ከቆጡ ሥር ያለውንማ ቢቻል በየሁለት ቀኑ። ኩሱን ጥሬውን ጎመኑ ሥር አይበትኑት፤ ዶሮዋ እዚያው ትጭራለች። ጉድጓድ ውስጥ ከገለባ ጋር ይቆለል፣ እስኪሞቅና እስኪበስል። ውኃ ማጠጫው የሚፈስበትን ጥግ ይመልከቱ፤ በክረምት ትሉ የሚፈላው እዚያ ነው። መመገቢያውን በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ ቢያደርጉት ኩስ አይገባበትም።

የኮሶው መንገድ ሌላ ነው። ዶሮ ከዶሮ ቀጥታ አይወስደውም፤ ጉንዳን፣ ጢንዚዛ ወይም ዝንብ መሀል ይገባል፤ ዶሮዋን የሚይዛት እነሱን ስትለቅም ነው። የከብቱ ፍግ ክምር የዶሮ ቤቱን ከተደገፈ ያርቁት።

ጫጩቶችን እስከ ሦስት ወር ከትልልቆቹ ለዩ፤ ወስፋት አብዝቶ የሚጎዳው እነሱን ነው። ጎመንም አይለያቸው፤ ቫይታሚን ኤ ያነሳት ዶሮ ትሉን መቋቋም ያቅታታል፣ ነጭ በቆሎ ደግሞ እሱ የለውም። ጫጩት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካሳየ ግን ያ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ እንጂ ትል አይደለም፤ መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው፣ አንድ ቀን ሳያድር ይሮጡ።

ከዚህ በኋላ በዓመት ሁለቴ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ከክረምት ሲወጣ በጥቅምት ይበቃዎታል። የፈንግል ክትባት የሚደርስ ከሆነ ከሁለት ሳምንት ቀድመው ትሉን ያውጡ፤ በትል የደከመች ዶሮ ክትባቱን በደንብ አትቀበልም።

ሁለተኛውን ዙር ከሰጡ ከሳምንት በኋላ ጎህ ሲቀድ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱና ሳይረግጡት፣ ኩሱን በባትሪ ይዩት። ሰሊጡ አሁንም ካለ ትኩሱን በንጹሕ ፌስታል ቋጥረው በዚያው ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ይውሰዱት። ከሰዓት ከደረሰ ደርቆ አይታይም።