ቦንሳይ ወይስ ኮይ? ለሚጠይቁኝ ወጣቶች

ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ቦንሳይ ልጀምር ወይስ ኮይ ዓሣ ላርባ?» ቦንሳይ ማለት በሸክላ አሳንሰው የሚያሳድጉት ዛፍ ነው፤ ኮይ ደግሞ ኩሬ ውስጥ ለጌጥ የሚያረቡት ባለቀለም ዓሣ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ዛፎቹንም ዓሣዎቹንም ከሥራ መልስ ነው የያዝኳቸው፤ ዛሬም ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ መልሴን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ሰው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነሳቸው ሁለቱም ከጃፓን ስለመጡና ሁለቱም ትዕግሥት ስለሚፈልጉ ነው። ትዕግሥቱ እውነት ነው። ግን ትዕግሥት የማይፈልግ ምን ሥራ አለ? ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ቦንሳይ ስትይዙ የምትሠሩት ዛፉ ላይ ነው። ኮይ ስትይዙ ግን ዓሣው ላይ የምትሠሩት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሥራችሁ ውሃው ነው። ይቺን መጀመሪያ ያልተረዳ ሰው ሁለቱንም ይገድላል።

ከዛፉ ልጀምር። ቦንሳይ ድንክ ዘር አይደለም። ሜዳ ላይ ብትተክሉት ትልቅ የሚሆን ተራ ዛፍ ነው፤ ያሳነሰው ጠባብ ሸክላና መቀስ ነው። ከላይ ቅርንጫፉ ይገረዛል፣ በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ከሸክላው ወጥቶ ሥሩ ይከረከማል። ቅርጽ ለማስያዝ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ሽቦ ትጠመጥሙበትና ቀስ ብላችሁ ታጎብጡታላችሁ። ከዚያ ወራት ትጠብቃላችሁ። ቅርንጫፉ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ መስመጥ ይጀምራል፣ ጠባሳው ደግሞ ለዓመታት አይለቅም፣ ስለዚህ በእድገት ወራት ጠጋ ብላችሁ ቶሎ ቶሎ እዩት። ስታነሱት መልሳችሁ ለመፍታት አትታገሉ። በመቁረጫ ቆራርጣችሁ አውጡት። ብዙ ቅርንጫፍ የሚሰበረው ሲፈታ ነው፤ ሽቦ እንደሆነ ሌላ ይገዛል።

ውሃ ማጠጣት ቀላል የሚመስላችሁ ካለ፣ በጃፓን እሱን ብቻ ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጃል ይባላል። በሰዓት አታጠጡ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱና ይንገራችሁ። ክፋቱ ዛፉ ራሱ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ጁኒፐር፣ የእኛ ጽድ ዘመድ ማለት ነው፣ ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከገበያ ገዝታችሁ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጡት ጁኒፐር የሚደርቀው በእናንተ እርግማን አይደለም፤ የውጭ ዛፍ ስለሆነ ነው። ፀሐይና አየር ይፈልጋል፣ በብርድ አገር ደግሞ ክረምቱን ውጭ ሆኖ ማረፍ አለበት። ቤት ውስጥ ካላችሁ የሾላና የዋርካ ወገን የሆኑትን ፊከሶች ያዙ።

ቦንሳይ ላይ በጣም የምወደው ነገር ጉዳትን አይደብቅም። በረዶና ንፋስ የሰበረው፣ ግማሽ ጎኑ ደርቆ የነጣ የተራራ ዛፍ በቦንሳይ ጌቶች ዘንድ እጅግ የተከበረ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ልጆች፣ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከሉ ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሰው እጅ ላይ ያለ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ (ፓይን) አለ። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በያማኪ ቤተሰብ ግቢ ከግንብ ጀርባ ነበር፤ ግንቡ አተረፈው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ሰጠው። የቦምቡን ነገር ሙዚየሙ የሰማው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ያውም የያማኪ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ በመጡ ጊዜ። ቦምብ ለጣለበት አገር እንዲህ ያለ ስጦታ! እኔ ፊቱ ስቆም ቃል ያጥረኛል።

ወደ ዓሣው። ኮይ ካርፕ የሚባለው ተራ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው። ኒጋታ በሚባለው የጃፓን ግዛት፣ በረዶ በሚከምርበት ተራራማ አገር፣ የሩዝ ገበሬዎች ለምግብ ያረቡት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ቀይና ነጭ ቀለም ያላቸው ብቅ ሲሉ ለይተው ማዳቀል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ ላይ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከታዩ በኋላ ነው ስማቸው የወጣው። አንዲት እናት ዓሣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። አርቢው ጫጩቶቹን ደጋግሞ ይመርጣል፤ በመጨረሻ የሚቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ዛፍ በጠባሳው ይከበራል፣ ኮይ በጉድለቱ ገና በልጅነቱ ይወገዳል። ይህኛው ጎኑ ይከብደኛል፣ ስለዚህ አላዳቅልም፤ ያሉኝን ብቻ እንከባከባለሁ።

አሁን ወደ ውሃው፣ ወደ እኔ ሙያ። ዓሣ በመተንፈሻው አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ማጣሪያው ውስጥ የሚባዙ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ከዚያ ሌሎቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስ ወዳለው ናይትሬት ይቀይሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ኩሬ ውስጥ በደንብ ለመራባት አንድ ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ወጣቱ ግን ቅዳሜ ኩሬ ቆፍሮ እሑድ ዓሣ ይጨምራል! ውሃው ጥርት ማለቱ አያታላችሁ፤ አሞኒያ ዓይን አያየውም፣ በመመርመሪያ ነው የሚታወቀው። የቧንቧ ውሃ ስትጨምሩ ክሎሪኑን አስቀድማችሁ አጥፉ። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ባክቴሪያዎቹን ትጨርሷቸዋላችሁ፤ ከኩሬው ውሃ ቀድታችሁ እጠቡ። አዲስ ዓሣ ለሳምንታት ለብቻው ይቆይ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እስራኤል ውስጥ ኮይና ካርፕ የጨረሰው የሄርፒስ ቫይረስ እስካሁን መድኃኒት የለውም።

ኮይ እንደ ዛፍ ጊዜ አይሰጥም። ፓምፕ ሌሊት ከቆመ ጠዋት የሞተ ዓሣ ልታገኙ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2004 ኒጋታን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ኩሬዎቹን ሰነጠቀ፣ መብራት ጠፋ፣ የስንት ትውልድ ልፋት የሆነ ዓሣ አለቀ። እንዲያም ሆኖ አርቢዎቹ ተመልሰው ከቀረው ጀመሩ።

እንግዲህ የትኛውን እንደምትጀምሩ ከመናገሬ በፊት፣ ከሁለቱ ለሥራና ለኑሮ የተማርኩትን ልምከራችሁ። ሙያችሁን እንደ ቦንሳይ ያዙት። የራሳችሁን ሰዓት፣ የራሳችሁን ልማድ ማጉበጥ፣ መግረዝ፣ ማሰር ትችላላችሁ፤ ያስፈልጋልም። በሥራችሁ ስር ሰው ሲመጣ ግን ሽቦውን አስቀምጡ። ጣቢያው ላይ ያየኋቸው ጥሩ አለቆች ሠራተኛውን ለመቅረጽ አልታገሉም። መሣሪያው በሰዓቱ እንዲመጣ፣ ጥፋት የተናገረ ሰው እንዳይቀጣ፣ የሌሊት ተረኛ እንዲያርፍ ነበር የሚሯሯጡት። ውሃውን ማለቴ ነው። ልጅ ያላችሁም እንዲሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

የትኛውን ልጀምር ላላችሁኝ፦ ኪራይ ቤት ያላችሁ፣ በየጊዜው የምትቀያይሩ፣ ዛፍ ያዙ፤ ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። ኮይ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ የመስታወት ገንዳ ቤቱ አይደለም። ቢያንስ አንድ ሜትር ከምናምን ጥልቀት ያለው ኩሬ፣ አስተማማኝ መብራት፣ ስትጓዙም የሚያይ ሰው ይፈልጋል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳትይዙ አትሞክሩት። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ከውጭ ዛፍ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ ሠሪዎች የሚወዱት የዱር ወይራ እኮ የእኛው ወይራ ነው። ከችግኝ ጣቢያ ግዙ፣ ከጫካ አትንቀሉ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ኮይ ከሰለቻችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁት። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ይነቅላል፣ በሽታም ይዞ ይገባል። ኩሬ ያለው ሰው ፈልጉና በነፃ ስጡት።