የላይኛው ዓመት ባዮሎጂ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባሕር ዳር ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆችና አንዳንድ ወላጆች ስለ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ኮርሶች ብዙ ጠይቃችሁኛል። እኔም ይህንኑ ተምሬ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ የማውቀውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ፍሬሽማን ላይ የተማርነውን መድገም ነው እንዴ? ያኔ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት።

ርዕሱ ይመሳሰላል፣ የምትጠየቂው ግን ሌላ ነው። ያኔ "ዲኤንኤ ሲባዛ አንዱ ገመድ አሮጌ፣ ሌላው አዲስ ይሆናል" ብለሽ ጻፍሽ። አሁን ጥያቄው "ይህ በምን ታወቀ?" የሚል ነው። መሰልሰንና ስታል የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ሥራ ባክቴሪያን መጀመሪያ በከባድ ናይትሮጅን አሳደጉ። ከዚያ ወደ ቀላሉ ናይትሮጅን አዛወሩት። አንዴ ከተባዛ በኋላ ዲኤንኤው ሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ከባዱን ከቀላሉ የሚለይ ማሽን) ውስጥ ከከባዱና ከቀላሉ መሃል አንድ መስመር ሠራ። ሁለተኛ ሲባዛ መስመሩ ሁለት ሆነ፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ሌላው ቀላሉ ጋ። ፈተና ላይ "በመጀመሪያው ዙር አንዱ ከባዱ ጋ፣ ሌላው ቀላሉ ጋ ሁለት መስመር ቢታይ ኖሮስ?" ትባያለሽ። አሮጌው ዲኤንኤ ሳይለያይ እንዳለ ቀርቶ፣ አዲሱ ለብቻው ተሠራ ማለት ይሆን ነበር። ይህን ሽምደዳ አይመልሰውም።

ኢቮሉሽን ላይ ምሳሌው ሁሉ የጋላፓጎስ ወፍ ነው። እኛ ጋ የሚታይ ነገር የለም?

አለ እንጂ ወንድሜ! ጣና ውስጥ ነው ያለው። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባለው፣ ጣና ላይ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ሌላ ቦታ አይገኙም። ወደ 40 ሜትር የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ አግዶታል። ላይ የቀሩት ለብቻቸው ሆነው ወደ ብዙ ዝርያ ተለያዩ።

ጠዋት ጀልባ ሲገባ ሄደህ አፋቸውን ተመልከት። የአንዱ አፍ ወደ ታች ዞሯል፣ ከመሬት ለቅሞ ይበላል። የሌላው ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ ይከፈታል፣ እሱ ዓሣ አሳዳጅ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህም ሆኖ ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ በልተው ያድራሉ። ለእኔ ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ጄኔቲክስም እዚሁ ይገባል። ሰው ሁለት ስብስብ ክሮሞዞም (ዲኤንኤ የተጠቀለለበት አካል) ሲኖረው ይህ ዓሣ ስድስት አለው፤ በድምሩ ወደ 150 ክሮሞዞም። ኮንሰርቬሽን (የተፈጥሮ ጥበቃ) ስትማር ደግሞ ወደ ክረምቱ ትመጣለህ። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዝናቡ ጊዜ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን የመሰሉ ወንዞችን ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ወንዝ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እናቲቱ ሳትጥል ትያዛለች። ፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ውስጥ የነበሩት የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የጣናው እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም።

እምቦጭን የትኛው ኮርስ ያስተምራል?

ኢኮሎጂና የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። ከእናቱ ተቀጥሎ በሚወጣ ቡቃያም፣ በዘርም ይራባል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከእርሻ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይመግበዋል። ስለዚህ ነቅሎ ማውጣት ብቻውን አይበቃም።

ባዮስታቲስቲክስን እስከ መጨረሻው ሴሚስተር ላቆየው? ሒሳብ አልወድም።

በፍጹም። ሲኒየር ፕሮጀክትሽ (የመመረቂያ ጥናትሽ) የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ስንት ናሙና እንደሚበቃሽ ሳታውቂ ከሰበሰብሽ በኋላ የሚያድንሽ ሶፍትዌር የለም። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉም ኮርስ በላይ የምመክረው ይህን ነው።

ልጄ አራተኛ ዓመት ነው። ባዮሎጂ ተምሮ ሆስፒታል ይሠራል?

እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሜዲካል ላብራቶሪ የተማረ ይፈልጋል። የእርስዎ ልጅ ግን ማስተማር፣ ዓሣና ግብርና ምርምር ላይ መሥራት ወይም ምግብና መጠጥ ፋብሪካ ጥራት ክፍል መግባት ይችላል። ማይክሮባዮሎጂና ጄኔቲክስ ላይ ከበረታ ለማስተርስም በር አለው። የመውጫ ፈተናውን ግን ከአሁኑ ይዘጋጅበት።

ለሲኒየር ፕሮጀክት ርዕስ አጣሁ።

ትንሽ ያዝ። እምቦጭ ሥር ያለው ውኃ ኦክስጅኑ ስንት ነው? አረም የሌለበትስ? ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለካ፣ ምክንያቱም ፎቶሲንተሲስ ቀን ላይ ቁጥሩን ይቀይረዋል። የትም ቦታ ብትለካ ጥልቀቱ እኩል ይሁን። የኦክስጅን መለኪያውን ሌላው ተማሪ ሳይቀድምህ ዲፓርትመንት ጠይቀህ አስመዝግብ። ባለ ጀልባውንም አስቀድመህ አነጋግር፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ ላይ መቆየት ከባድ ነው።