የሚሸጥ ዕቃ ፎቶ እንዴት ይነሳ? ጥያቄና መልስ

መላሹ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዕቃ ፎቶ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ በመስኮት ብርሃን ስታነሱ የክፍሉን አምፖል አጥፉ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ለዕቃ ፎቶ የትኛው ስልክ ይሻላል?

መላሹ፦ እጅሽ ላይ ያለው። ሌንሱን ብቻ ጥረጊው፤ የጣት ቅባት ሁሉን ነገር ጉም ያስመስለዋል።

ልብስ ሻጭ፦ ነጭ ሸሚዝ ሳነሳ አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይወጣል። ገዢዋ «ፎቶው ላይ ያየሁት ቀለም አይደለም» ብላ መለሰችብኝ።

መላሹ፦ አምፖሉ በርቶ ነበር፣ አይደል? የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የቤት ቢጫ አምፖል ወደ 2700 ነው፤ የቀን ብርሃን ወደ 5500። ካሜራ ፎቶውን በሙሉ ለአንድ ዓይነት ብርሃን ነው የሚያስተካክለው። የመስኮቱን ጎን ሲያነጣው የአምፖሉ ጎን ይቢጫል። በኋላ በአፕ ልታርመው ብትሞክርም አንዱን ስታድን ሌላውን ታበላሻለህ። ስለዚህ አጥፋው። ደማቅ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አጠገብም አታንሳ፤ ቀለሙ ሸሚዙ ላይ ይጋባል።

ጫማ ሻጭ፦ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ሳነሳ ወረቀቱ ግራጫ የሚሆነው ለምንድን ነው?

መላሹ፦ ካሜራው ወረቀቱ ነጭ መሆኑን አያውቅም። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚለካው። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ጫማው ላይ ስክሪኑን ተጭነህ ያዝና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርግ። በጥቁር ጨርቅ ላይ ከሆነ ዝቅ አድርግ።

አንድ አባል፦ የእኔ ፎቶ አያምርም። ምን ላድርግ?

መላሹ፦ ምን ዕቃ? በምን ብርሃን? ምኑ ነው ያላማረው? እንዲህ ሲጠየቅ መልስ የለኝም።

ሰዓት ሻጭ፦ ብረቱ ላይ ስልኬና እጄ ይታያሉ። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የሌንስ ማጣሪያ፣ ፖላራይዘር የሚባለውን፣ ልግዛ?

መላሹ፦ አሁን ጥያቄ መጣ! የተወለወለ ብረት የራሱ መልክ የለውም ማለት ይቻላል፤ መስታወት ነው፣ የሚያሳይህ ዙሪያውን ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ትተህ ሰዓቱ ፊት ያለውን አስተካክል። በነጭ ወረቀት ዙሪያውንና ከላይ ክበበው፤ ሌንስህ የምታይበት ቀዳዳ ብቻ ተው። ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ አልፎ ይግባ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ከዚያ ብረቱ ፕላስቲክ መሰለ ብለው ያማርራሉ። የጎደለው ጥቁር ነው። ቀጭን ጥቁር ካርቶን በጎን አቁም፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራና ቅርጹ ይወጣል። ካርቶኑን በጣም ትንሽ እያንቀሳቀስክ መስመሩ የት እንደሚሄድ ተመልከት፤ እኔ በዚህ ብቻ ሙሉ ከሰዓት ልቆይ እችላለሁ። ፖላራይዘር ከብርጭቆና ከፕላስቲክ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ከብረት የሚመለሰውን ግን አያጠፋም። ለብረት ማሰሪያው ብለህ ገንዘብህን አታውጣ። አጭሩን ቆጣሪ 10 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አድርግ፤ ከ12 በታች ያለው የአምራቹ ስም ሳይሸፈን ይታያል። የሰዓት ማስታወቂያዎችን ተመልከት፣ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

አፕ ወዳዱ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አፑ ጀርባውን ቆርጦ ያወጣዋል።

ጌጥ ሻጯ፦ ያንተ አፕ የሀብል ሰንሰለት ይበላል። ጥላውንም ያጠፋና ዕቃው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

አፕ ወዳዱ፦ የድሮዎቹ ናቸው። አዲሶቹ ጥላም ይሠራሉ።

ያገለገለ ዕቃ ሻጭ፦ ቀጥሎ ጭረቱንም አጥፍታችሁ ልትሸጡ ነው። ማታለል ነው።

አፕ ወዳዱ፦ ስለ ጭረት ማን አወራ?

መላሹ፦ ቆይ፣ ቆይ። ጀርባ መቁረጥን አልቃወምም። አማዞን እንኳ ለዋናው ፎቶ ንጹህ ነጭ ጀርባ፣ ማለትም ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እያንዳንዳቸው እስከ መጨረሻው 255 የሞሉ፣ ይጠይቃል፤ ዕቃውም ፍሬሙን 85 በመቶ እንዲሞላ ይፈልጋል። የቀረበልህ አፕ ግን በመጥፎ ብርሃን የተነሳን ብረት አያድንም። ጭረት ደግሞ አይጠፋም፤ ለብቻው ቀርባችሁ አንሱትና አሳዩ። የሚመለስ ዕቃ ይቀንሳል። በዚህ ይብቃን።

ሳጥን ሠሪ፦ የሠራሁት ሳጥን ጎኖቹ ተንጋደው ይታያሉ።

መላሹ፦ በጣም ቀርበሃል። ወደ ኋላ ሂድና በ2 እጥፍ ዙም አንሳ።

ጀማሪዋ፦ ቪዲዮስ ቢሆን?

መላሹ፦ ቪዲዮ የእኔ ሙያ አይደለም።

የማታ ሻጭ፦ እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። አምፖል አጥፉ ሲሉ በጨለማ ላንሳ?

መላሹ፦ በመስኮት ብርሃን ስታነሱ ነው ያልኩት፣ አንብብ እንጂ። ጠላቱ ቅልቅሉ ነው። ማታ አንድ ዓይነት አምፖል ብቻ ተጠቀም፤ የቀለም ታማኝነቱ፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ፊቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ዘርጋ፣ አምፖሉን ግን አይንካ፣ ይቃጠላል። ከዚያ ወደ ዕቃው አቅርበው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ሲቀርብ ደግሞ ጨርቁ ከዕቃው አንጻር ትልቅ ስለሚሆን ጥላው ይለሰልሳል።

አንድ አባል፦ በመስኮት ሳነሳ መብራት ላብራ ወይስ ላጥፋ?

መላሹ፦ ...

ልብስ ሻጭ፦ አጥፋ ተብሏል ወንድሜ!

ቦርሳ ሻጯ፦ የእኔ ጥቁር ቆዳ ቦርሳ ቀለም የፈሰሰበት ቦታ ይመስላል፤ ስፌቱ አይታይም። ፍላሽ ልጠቀም?

መላሹ፦ የስልክ ፍላሽ አይሆንም። ከፊት ለፊት ስለሚመታ ስፌቱን ያስተኛዋል። መስኮቱ በጎን ይሁን፤ ብርሃኑ ቆዳው ላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ እያንዳንዱ ስፌት ትንሽ ጥላ ይጥላል። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን አቁሚ። ፎቶውን ስታይው አሁንም ከጨለመብሽ ካርቶኑን አቅርቢው።